ብዕር ከማንሣት በፊት፦ ስለ አጋር ትምህርት ቤቶች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ስምምነት

ጥያቄ፦ «የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤታችንን አጋር አድርጎ፣ ተማሪዎቻችንን በየዓመቱ ከመደበኛው የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ባለ ውጤት ለመቀበል የስምምነት ረቂቅ ልኮልናል። ግማሾቹ መምህራን ዕድሉ እንዳያመልጠን ቶሎ እንፈርም ይላሉ። ሌሎቹ ግን ልጆቹ ቢገቡም ይወድቃሉ፣ ከመግባታቸው በፊትም ማጥናት ይተዋሉ ብለው ይሰጋሉ። ከመፈረማችን በፊት ምን እንመልከት?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ መምህራንዎን ለሁለት የከፈለው ጉዳይ በብዙ አገሮች ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከባዶ ተነሥተው አይደለም። እኔም በዩኒቨርሲቲ የቅበላ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት አንዳንዴ ከአንደኛው፣ አንዳንዴም ከሌላው ወገን ጋር ቆሜ ተከራክሬአለሁ። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቴን ላስከትል፤ ስምምነቱን ይፈርሙ፤ ነገር ግን ልጆቹ ከገቡ በኋላ ምን እንደሚደረግላቸው ረቂቁ በግልጽ እስኪናገር ድረስ ብዕርዎን አያንሡ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያሉ ረቂቆችን ብዙ አንብቤአለሁ፤ አብዛኞቹም ተመሳሳይ መልክ አላቸው። የመግቢያ ነጥቡ በስንት እንደሚቀንስ፣ ማመልከቻው መቼ እንደሚገባ፣ የፊርማው ሥነ ሥርዓት የት እንደሚካሄድ በዝርዝር ይጻፋል። ከዚያ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎቹ አስፈላጊውን ድጋፍ ያደርጋል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ትገኛለች። ድጋፉን ማን እንደሚሰጥ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ወጪው ከየትኛው በጀት እንደሚሸፈንና እስከ ስንተኛ ዓመት እንደሚዘልቅ አትናገርም። የልጆቹ ዕጣ የሚወሰነው ግን በነጥቡ ቅናሽ ሳይሆን በዚያች ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይህንንም ወደ ኋላ በምሳሌ አሳይዎታለሁ።

አስቀድመው ግን የመግቢያውን አንቀጽ ራሱን ቃል በቃል ያንብቡት። «የአጋር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ማመልከቻ በልዩ ትኩረት ይታያል» የሚለውና «ይህን ነጥብ ያሟላ የአጋር ትምህርት ቤት ተማሪ ይቀበላል» የሚለው በወላጆች ጆሮ አንድ ናቸው፤ በቅበላ ጽሕፈት ቤት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው በዩኒቨርሲቲው ላይ አንዳች ግዴታ አይጥልም፤ ሁለተኛው ለልጁ መብት ይሰጠዋል። የአሜሪካዋ ቴክሳስ በ1997 ያወጣችው ሕግ የሁለተኛው ዓይነት ነው። ፍርድ ቤት በ1996 ዘርን ከግምት የሚያስገባውን የቅበላ አሠራር ስለ ከለከለ፣ ሕግ አውጪዎቹ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በውጤታቸው ከላይኛው 10 በመቶ ውስጥ የሚገኙ ተማሪዎች ወደ ክፍለ ግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲገቡ ደነገጉ። የልጁ ደረጃ የሚለካው ከራሱ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ስለሆነ፣ ቀድሞ በኦስቲን ወደሚገኘው ዋናው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልከው የማያውቁ ትምህርት ቤቶች መላክ ጀመሩ። ይሁንና አመልካቹ ሲበዛ መብቱ መጥበብ ነበረበት፤ በ2009 ሕጉ ተሻሽሎ ኦስቲን በዚህ መንገድ የሚሞላው ቦታ በ75 በመቶ ተገደበ፤ መቁረጫውም ከ10 በመቶ እየወረደ 5 በመቶ ደረሰ። ስለዚህ የአጋር ትምህርት ቤቶች ቁጥር ቢጨምርና አመልካቾች ከቦታው ቢበልጡ ማን እንደሚቀድም ረቂቁ መናገር አለበት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ የትምህርት ክፍል ምርጫ ነው። በቴክሳስ በቀጥታ የሚገባ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው በሩን ይከፍትለታል እንጂ የሚመኘው የትምህርት ክፍል አይረጋገጥለትም። ምሕንድስና እማራለሁ ብሎ አራት ዓመት ያለመ ልጅ ከገባ በኋላ ወደማያውቀው ዘርፍ ሲመደብ ስሜቱ ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ቅናሹ የሚሠራው ለሁሉም የትምህርት ክፍሎች ነው ወይስ አመልካች ላጡት ብቻ? ይህን ጥያቄ በደብዳቤ ጠይቀው በደብዳቤ መልስ ይቀበሉ።

አሁን ወደ መምህራንዎ ስጋት ልምጣ። «ዝቅ ባለ ነጥብ የገባ ልጅ ይወድቃል» የሚለው አስተያየት፣ የመግቢያ ነጥብ የልጁን ችሎታ ብቻ ይለካል ከሚል ግምት ይነሣል። ነጥቡ ግን ልጁን ብቻ ሳይሆን የተማረበትንም ቤት ይለካል። ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር የፊዚክስ መምህር ባልነበረው ክፍል ተምሮ፣ ከጓደኛው የተዋሰውን መጽሐፍ ሌሊት እየገለበጠ 70 ያመጣ ልጅ፣ በቤተ ሙከራና በቤት ውስጥ አስጠኚ ታግዞ 78 ካመጣው ያነሰ ችሎታ አለው ለማለት የሚደፍር መምህር ያለ አይመስለኝም። ይህ ስሜት ብቻ አይደለም። የእንግሊዝን ዩኒቨርሲቲዎች በጀት ይመድብ የነበረው ተቋም በ2014 ባወጣው ጥናት፣ ተመሳሳይ የመግቢያ ውጤት ይዘው ከገቡት መካከል ከመንግሥት ትምህርት ቤት የመጡት ተማሪዎች ከግል ትምህርት ቤት ከመጡት የተሻለ ዲግሪ ይዘው እንደሚወጡ አሳይቷል። በዚያ አገር በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለእንዲህ ያሉ አመልካቾች አንድ ወይም ሁለት ግሬድ ዝቅ ያለ መስፈርት የሚያቀርቡት በልግስና ሳይሆን ትክክለኛ ልኬት ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ቴክሳስም ውስጥ ተመራማሪዎች የተማሪዎቹን መዝገብ ለዓመታት ተከታትለው ነበር። ቀድሞ ወደ ኦስቲን ከማይልኩ ትምህርት ቤቶች በሕጉ ምክንያት የገቡት ልጆች የመመረቅ ዕድላቸውም ገቢያቸውም ጨመረ፤ በእነርሱ ምክንያት ቦታ አጥተው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሄዱት ደግሞ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልደረሰባቸውም። «የሌላውን ልጅ ቦታ ወሰደ» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ የአንዱን ልጅ ምሽት አይገልጽም። የተማረበት ቤት ያጎደለበት ነገር በነጥቡ ቅናሽ አይሞላም። የመጨረሻዎቹን ሁለት የሒሳብ ምዕራፎች ሳይማር ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሦስተኛው ሳምንት ካልኩለስ ክፍል ውስጥ ያገኛቸዋል፤ አስተማሪው ደግሞ «ይህን ታውቁታላችሁ» ብሎ ያልፋቸዋል። ያች «ይህን ታውቁታላችሁ» የምትል ቃል ስንት ጎበዝ ልጅ እንዳስወጣች ብቆጥር ደስ ባለኝ ነበር። መምህራንዎ ትክክል የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ ሆኖም ፍርሃታቸው ስምምነቱን ለመከልከል ሳይሆን ለማስተካከል ሊያገለግል ይገባል።

እንዴት እንደሚስተካከል የሚያሳዩ ሁለት ሥራዎችን ልጥቀስ። በኦስቲን የኬሚስትሪ መምህር የሆኑት ዴቪድ ላውዲ በ1999 ከ500 ያህል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻቸው መካከል በመግቢያ ፈተና ውጤታቸውም በመጡበት ኑሮም ለመውደቅ የተጋለጡ 50 ያህሉን ለይተው አነስ ባለ ክፍል አስቀመጧቸው። ትምህርቱን ግን አላቀለሉላቸውም፤ ያው ንግግር፣ ያው መጽሐፍ፣ ያው ፈተና ነበር። የጨመሩላቸው በሳምንት የተወሰኑ ተጨማሪ የትምህርት ሰዓታትን፣ በቅርብ የሚከታተሉ አማካሪዎችንና ቀድመው ያለፉበትን ነባር ተማሪዎች ነበር። በኮርሱ መጨረሻ የእነዚህ ልጆች ውጤት ከትልቁ ክፍል ተማሪዎች ውጤት ጋር እኩል ሆነ።

ሁለተኛው ከዚያ 20 ዓመት ያህል የሚቀድም ሲሆን የሒሳብ ሊቁ ኡሪ ትራይስማን በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ነው። ካልኩለስ ላይ በብዛት ይወድቁ የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች ሰነፎች ሆነው አልተገኙም፤ እንዲያውም ረጅም ሰዓት ያጠኑ ነበር፤ ነገር ግን ብቻቸውን ነበር የሚያጠኑት። የቻይና ተወላጅ የሆኑት ተማሪዎች ግን ለየብቻ ከሠሩ በኋላ ተሰብስበው መልሳቸውን ያስተያዩ፣ አንዱ ሌላውን ያርም ነበር። ትራይስማን ይህን ዓይተው የቡድን የሥራ ክፍለ ጊዜ አዘጋጁ፤ በውስጡም ቀላል የክለሳ ጥያቄ ሳይሆን ከመደበኛው ክፍል የሚከብድ ጥያቄ አቀረቡ። ተማሪዎቹም የተጠሩት «ደካማ ስለሆናችሁ» ተብለው ሳይሆን ጎበዝ ተማሪ የሚገባበት ቦታ ነው ተብለው ነበር። የመውደቁ መጠን በእጅጉ ቀነሰ።

ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ሳስብ አንድ የራሴ ጥፋት ይታወሰኛል። በአንድ ወቅት በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ከአጋር ትምህርት ቤቶች የገቡትን ተማሪዎች ስም ለብቻ አውጥተን፣ ከላዩ «የድጋፍ ትምህርት ተማሪዎች» ብለን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን። ያሰብነው መልካም ነበር፤ አስተማሪ ቀጥረናል፣ ክፍል አዘጋጅተናል። በመጀመሪያው ቀን ከ32ቱ የመጡት አምስት ብቻ ነበሩ። አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ከክፍሉ በር ማዶ ቆማ፣ ኮሪደሩ ባዶ እስኪሆን ጠብቃ፣ ዙሪያዋን አይታ ስትገባ በመስኮት አየኋት። ስሟ ከአብሮ አደሮቿ ፊት በዚያ ወረቀት ላይ ባይወጣ ኖሮ በሩቅ መቆም አያስፈልጋትም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዝርዝሩን አስቀርተን የቡድን ሥራውን የመጀመሪያ ዓመት ሒሳብ ለሚወስድ ተማሪ ሁሉ ክፍት አደረግነው፤ ለአጋር ትምህርት ቤት ልጆች ግን አማካሪዎቻቸው በግል እየነገሩ ቦታ ያዙላቸው። ክፍሉ ሞላ። ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ «ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹ በምን መንገድ እንደገቡ ለሌሎች ተማሪዎችም ሆነ ለኮርስ አስተማሪዎች አይገልጽም» የምትል አንቀጽ እንድትገባ አጥብቄ እመክራለሁ።

ወደ ሁለተኛው ስጋት፣ «ማጥናት ይተዋሉ» ወደሚለው ስንመጣ፣ መምህራንዎ ከሚገምቱት በላይ ማስረጃ አላቸው፤ እኔም ብዙ ባልደረቦቼ ይህን ሲያቃልሉት ስለማይ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ቺሊ በ2014 ፓሴ የተባለ መርሐ ግብር ጀመረች። በችግር ላይ ባሉ ማኅበረሰቦች ውስጥ የሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተጣምረው፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ልጆቹ እየተዘጋጁ፣ ከትምህርት ቤታቸው ላይኛው 15 በመቶ ውስጥ የሚገኙትና ሌሎቹን ግዴታዎች ያሟሉት ቦታ ይረጋገጥላቸዋል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ልጆች ቁጥር በእርግጥ ጨመረ። ነገር ግን በዕጣ ወደ መርሐ ግብሩ የገቡትን ትምህርት ቤቶች ካልገቡት ጋር ያወዳደሩ ተመራማሪዎች፣ የልጆቹ የጥናት ትጋትና የትምህርት ውጤት ከመግባታቸው በፊት ዝቅ ማለቱን አገኙ። ምክንያቱም አንድ ነገር ነበር፤ ብዙዎቹ ልጆች በክፍላቸው ያላቸውን ደረጃ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ይገምቱ ስለነበር «እኔማ ገብቻለሁ» ብለው ዐርፈው ነበር። ያረፉት በእርግጥ የሚገቡት ብቻ አልነበሩም፤ ከመስመሩ በታች ሆነው ከመስመሩ በላይ ያሉ የመሰላቸውም ነበሩ፤ ለእነዚህ ደግሞ ኪሳራው እጥፍ ነው።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቃል መግባት ጎጂ ነው የሚል አይደለም። ልጁ የቆመበትን ቦታ በየጊዜው፣ በግል፣ በትክክል ሊነገረው ይገባል የሚል ነው። በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለት ነገር አደርግ ነበር። አንደኛ፣ ቅናሹ ያለ ወለል እንዳይሆን፣ በተለይም በሒሳብና ዩኒቨርሲቲው በሚያስተምርበት ቋንቋ የማይታለፍ ዝቅተኛ ነጥብ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ፤ ይህ ልጆቹን መበደል ሳይሆን እስከ መጨረሻው ሳምንት መጽሐፋቸውን እንዳይዘጉ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የወሰዷቸውን ያለፉ ፈተናዎች እንዲሰጠኝ ጠይቄ በመጨረሻው ክፍል ለሚማሩት ልጆች በሴሚስተር አንድ ጊዜ አስፈትናለሁ። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ በዚያ ወረቀት ላይ ከአሥር ጥያቄ ሦስቱን ብቻ መልሶ ሲያይ መጀመሪያ ይደነግጣል። ድንጋጤውን ግን መምህሩ አጠገቡ ቆሞ፣ ገና አንድ ዓመት እየቀረው ቢያየው በመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ሴሚስተር ብቻውን ሆኖ ከሚያየው እጅግ ይሻላል።

ክፍተቱ ከዚህ በላይ ሰፊ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። በደብሊን የሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ በ1993 የጀመረው የተደራሽነት መርሐ ግብር ከተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ጋር ለዓመታት ከመሥራቱም በላይ፣ ልጆቹ ዲግሪውን ከመጀመራቸው በፊት ግቢው ውስጥ አንድ የመሰናዶ ዓመት እንዲማሩ ያደርጋል፤ በ2016 ከኦክስፎርድ ኮሌጆች አንዱ የሆነው ሌዲ ማርጋሬት ሆል ይህንኑ ምሳሌ ተከትሎ ተመሳሳይ ዓመት ከፍቶ ነበር። የብራዚሉ ካምፒናስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2011 ለከተማው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 120 ቦታ መድቦ፣ ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ልጅ እንዲገባ አድርጎ፣ ሁለት ዓመት አጠቃላይ ትምህርት ካስተማራቸው በኋላ ያለ ተጨማሪ የመግቢያ ፈተና ወደ መደበኛው ዲግሪ ያሻግራቸዋል። የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሊያደርግ ይችል ወይም አይችል ይሆናል፤ ቢያንስ አስበውበት እንደሆነ ይጠይቋቸው።

ከትምህርት ቤትዎ ማን ይመረጣል የሚለው ጥያቄ በቀጥታ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ነው። በፓሪስ የሚገኘው ስመ ጥሩ የፖለቲካ ሳይንስ ተቋም ሲያንስ ፖ በ2001 በችግር አካባቢ ካሉ ሰባት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር ስምምነት ሲፈራረም፣ ለእነዚህ ልጆች የጽሑፍ ውድድር ፈተናውን ትቶ የተለየ መንገድ አበጀ። ልጁ በመረጠው ጉዳይ ላይ የጋዜጣ ጽሑፎችን ሰብስቦ ያጠና፣ በራሱ ትምህርት ቤት ለተሰየሙ ፈታኞች ያቀርብ፣ ካለፈ በተቋሙ ቃለ መጠይቅ ይደረግለት ነበር። ተቃውሞው ከባድ ስለነበር ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ደረሰ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አሠራሩን አጸደቀው፤ ነገር ግን ምርጫው ተጨባጭ በሆኑ መመዘኛዎች እንዲመራ አስገደደ። ኋላም ተቺዎች ሌላ ጉዳይ አነሡ፤ ትምህርት ቤቱ ችግር አካባቢ ቢሆንም በውስጡ የሚመረጡት ሁሉ የተቸገሩ ቤተሰቦች ልጆች አይደሉም። ቴክሳስ ውስጥም በሌሎች በሚበለጡበት ትምህርት ቤት ከመማር ብለው ፉክክሩ ወደሚቀልበት የተዛወሩ ተማሪዎች እንደነበሩ ጥናት አሳይቷል። የአጋርነቱ ወሬ ሲሰማ በመጨረሻው ዓመት የዝውውር ማመልከቻ የያዙ ወላጆች የእርስዎንም በር ያንኳኳሉ። ብራዚል በ2012 የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎቿን ግማሽ ቦታ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስትመድብ፣ ሁሉንም የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ እንዲሆን ያዘዘችው ይህን ለመከላከል ነው። በእርስዎም ስምምነት ላይ ተማሪው በትምህርት ቤቱ የቆየበት ዝቅተኛ ዘመን ይጻፍ፤ ስም የመምረጡ ሥራም በእርስዎ ብቻ እጅ አይሁን። ይህን የምለው ስለማልተማመንብዎ ሳይሆን፣ የባልደረባ ልጅ ሲያመለክት እምቢ የሚሉበት የተጻፈ መመዘኛ ቢኖርዎ ስለሚጠቅምዎ ነው።

ገንዘብና ወረቀት የሚያስቀሯቸውን ልጆች ደግሞ አይርሱ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ጎበዝ ተማሪዎች «ከተቀበልንህ አራቱንም ዓመት የትምህርት ክፍያ አትከፍልም» የሚል ደብዳቤ ላከ፤ ለወላጆቻቸውና ለርዕሰ መምህራኑም ጭምር አሳወቀ። እነዚህ ልጆች ደብዳቤው ባይመጣም ቢያመለክቱ ይህንኑ እርዳታ ለማግኘት ብቁ ነበሩ። ሆኖም ካልደረሳቸው መካከል ያመለከቱት 26 በመቶ ሲሆኑ ከደረሳቸው መካከል ግን 68 በመቶ ሆኑ፤ የገቡትም ከ12 ወደ 27 በመቶ ከፍ አሉ። ልዩነቱን የፈጠረው አዲስ ገንዘብ ሳይሆን ቀድሞ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተነገረ ቁርጥ ያለ ቃል ነው። በረቂቅዎ ላይ «የገንዘብ ድጋፍ እንደ ሁኔታው ይታያል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከቤቱ ብቸኛው ሠራተኛ የሆነ ልጅ ያንን አንብቦ ማመልከቻ እንደማይሞላ ይወቁ።

ከቅበላ ደብዳቤው እስከ ምዝገባው ባሉት ወራትም ልጆች ይጠፋሉ። አንድ ጊዜ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ስሙ ሲጠራ ያልመለሰ ልጅ ዘንድ ስልክ ደወልሁ። ቅጹ የወላጅ የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከእኛ ደብዳቤ አምጣ ይለዋል፤ ልጁ ይህን ለማን እንደሚናገር ስላላወቀ ቀኑ አለፈበትና ቦታዬ ተሰርዟል ብሎ አምኖ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ይሸከም ነበር። ያስፈለገው ደብዳቤ በአሥር ደቂቃ ተጻፈ፤ ልጁም መጥቶ ተመዘገበ። ያልደወልሁላቸው ስንት እንደሆኑ ግን አላውቅም። በአሜሪካ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2016 በእጅ ስልክ መልእክት የተማሪዎችን ጥያቄ ቀንም ሌሊትም የሚመልስ ሥርዓት ዘርግቶ እንዲህ ሳይመዘገቡ የሚቀሩትን ልጆች ቁጥር ከ20 በመቶ በላይ ቀንሷል። እርስዎ ይህን ያህል ቴክኖሎጂ አያስፈልግዎትም። በትምህርት ቤቱ ዕረፍት ወራት ስልክ የሚያነሣ አንድ መምህር፣ በዩኒቨርሲቲውም በኩል ስሙና ቁጥሩ የታወቀ አንድ ሠራተኛ ቢኖር ይበቃል። ለዚያ መምህር ግን የማስተማሪያ ሰዓት ይቀነስለት ወይም አበል ይከፈለው፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ የተጀመረ ማስተባበር መምህሩ ሲደክም ወይም ሲዛወር አብሮት ይቆማል።

የድጋፉ ይዘት ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ለማሳየት ወደ ቴክሳስ አንድ ጊዜ ልመለስ። በ1999 የኦስቲኑ ዩኒቨርሲቲ ከተመረጡ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች ለሚመጡ ልጆች የነፃ ትምህርት ዕድል ጀመረ፤ ከገንዘቡ ጋርም አነስተኛ ክፍሎችን፣ አስጠኚዎችንና አማካሪዎችን አያያዘ። በዚያው ክፍለ ግዛት ሌላው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተመሳሳይ መርሐ ግብር አቋቋመ። ተመራማሪዎች ሁለቱንም ሲመዝኑ በኦስቲን የገቡት፣ የተመረቁትና ኋላም ገቢያቸው የጨመረው ልጆች በርክተው ተገኙ፤ በሁለተኛው ግን እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም። ሁለቱም ሰነዶች በሩቅ ለሚያያቸው ሰው አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ እኔ የመጨረሻውን ገጽ በጥንቃቄ ያንብቡ የምልዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ነገር ጨምሬ ላብቃ። የስምምነቱ ዘመን ስንት ነው? የሦስት ዓመት ስምምነት ዛሬ 9ኛ ክፍል ያለችው ልጅ ከመጨረስዋ በፊት ያበቃል፤ የዩኒቨርሲቲው አመራር ቢቀየርና ስምምነቱ ባይታደስ «በመንገድ ላይ ያሉ ተማሪዎች መብታቸው እስኪያመለክቱ ድረስ ይጠበቃል» የሚል አንቀጽ ካልኖረ ለእርሷ የገቡትን ቃል የሚፈጽምልዎ የለም። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የልጆችዎን ውጤት በጥቅል፣ ስም ሳይጠቅስ፣ በየኮርሱ እንዲልክልዎ ያስገድዱት። ኬሚስትሪ ላይ በተከታታይ የሚወድቁ ከሆነ ጉድለቱን የሚያርመው የእርስዎ ላቦራቶሪ ነው፤ ካላወቁት ግን አያርሙትም።

ረቂቁን ከነጥያቄዎችዎ መልሰው ሲልኩ፣ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ የፈረማቸውን አጋር ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ይጠይቁና ከመካከላቸው ለአንዱ ርዕሰ መምህር ራስዎ ይደውሉ። ስንት ልጅ ገባላችሁ ብለው አይጠይቋቸው፤ ከገቡት ውስጥ ሁለተኛ ዓመት የደረሱት ስንት ናቸው ብለው ይጠይቋቸው። ቁጥሩን ወዲያው ከነገሩዎት፣ ዩኒቨርሲቲው ልጆቹን ይከታተላል፣ ለትምህርት ቤቶቹም ያሳውቃል ማለት ነው፤ ያኔ የቀሩትን አንቀጾች አስተካክለው በዚያው ሳምንት መፈረም ይችላሉ።